ጉርድ ፎቶ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት
ስቱዲዮ ውስጥ፣ በሩ ሳይከፈት

ለልጄ፣ ለሆዴ፤

ሰላምታውን ዛሬ ይቅር በይኝ። ሁልጊዜ ግማሽ ገጽ ጤናሽን ስጠይቅ፣ ግማሽ ገጽ ጤናችንን ስነግርሽ፣ ወሬው ሳይጀመር ወረቀቱ ያልቃል። ዛሬ እጄ ቸኩሏል። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ያንን የሁለት ዓመት ውል አትፈርሚ። ቢያንስ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አትፈርሚ። አንብበሽ ስትጨርሺ መፈረም ካሰኘሽ፣ እኔ አባትሽ ትንፍሽ አልልም።

ደብዳቤሽ ትናንት ከሰዓት በኋላ ደረሰን። «ልጄ እኔን ስታይ ታለቅሳለች፤ ሳታየኝ ግን ደስ ብሏት ትኖራለች። መርከቡ ላይ ሁለት ዓመት ልጨምር ነው፤ ለእሷም የሚሻላት ይኼ ነው» ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነበበችው። ከዚያ ጓሮ ወጥታ የታጠበ ልብስ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ታውቂያት የለ፣ ሲከፋት ውሃ ትነካለች። እኔ ኮቴን በአንድ እጄ ብቻ እንዳጠለቅሁ ወደ ኩባንያችሁ ቢሮ በረርኩ።

ጸሐፊዋ መርከባችሁ ባሕር መሃል ስለሆነ ስልክ አይገባም አለችኝ። የሚቀጥለው ወደብ ላይ ግን የኩባንያው ሰው ይጠብቃችኋል፤ ውሉን የሚያስፈርመው እሱ ነው፤ ዛሬ ቀትር ላይ ይነሳል። ስለዚህ ደብዳቤዬና ውልሽ የሚመጡልሽ በአንድ ቦርሳ ነው! ሰውዬውን በአካል አግኝቼ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ደብዳቤውን፣ ቀጥሎ ወረቀትህን» እያልኩ እለምነዋለሁ። እምቢ ካለ ነጻ ፎቶ አነሳዋለሁ። እንዲያም ሆኖ እምቢ ካለ ፎቶውን አበላሽበታለሁ።

ፖስታው ውስጥ አራት ፎቶዎች አሉ፤ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ። አሁን አትመልከቻቸው። እኔ ስነግርሽ ነው የምታዪያቸው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የዛሬ ሰባት ሳምንት፣ ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣ አንዲት ወጣት ሴት ስቱዲዮ ገባች። ወደ ትልቁ ሆስፒታል አዲስ የተዛወረች ሐኪም ናት፤ የሕፃናት የኩላሊትና የሽንት ሐኪም። ለመታወቂያዋ ጉርድ ፎቶ ፈልጋ ነው የመጣችው። «እርስዎ» ብላት «ኧረ አባባ፣ ልጅዎ እሆናለሁ፣ አንቺ ይበሉኝ» አለችኝና ወደድኳት።

ልጅሽ ድንቢጥ እንደ ልማዷ ጥጓ ላይ፣ በላስቲክ የተለበጠችው ትራስ ላይ ተቀምጣ ነበር። ይህን እስካሁን አልነገርንሽም፤ ከመዋዕለ ሕፃናት መልሰዋት ነበር። ቀን በቀን ልብሷን ታርሳለች፣ ሌሎቹ ልጆች ያሾፉባታል፣ መምህሯም «ትንሽ ስታድግ አምጧት» አለች። ስድስት ዓመት ሞላት እኮ! እናትሽ ስንፍና ነው ትላለች፤ እኔ ናፍቆት ነው እላለሁ። ማታ ውሃ እንከለክላታለን፣ ሌሊት እየቀሰቀስን ሽንት ቤት እንወስዳታለን፤ ጠዋት ግን አንሶላው ያው ነው። በየወሩ ያተኩሳታል፤ ሽሮፕ እንሰጣታለን፣ ይለቃታል፣ ይመለሳል። አንቺ ስትደውዪ «ደህና ናት» እንላለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል የሰማሁት ገና ሕፃን ሆኜ ነው፤ የሰማሁትን ያህል ግን አልሠራሁበትም።

ወደ ሐኪሟ ልመለስ። ያቺን ፏፏቴ የተሳለባትን መጋረጃ ታስታውሻታለሽ፤ አንቺ አሥር ዓመትሽ ላይ ዘንጓን በሽቦ ያሰርሽልኝን። ያ ሽቦ ይኸውልሽ እስካሁን ችሎ ነበር። ሐኪሟን በርጩማው ላይ አስቀምጬ «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ለቀቅ» እያልኩ ወደ ኋላ ስሸሽ፣ ክርኔ መጋረጃዋን ነካ፣ ሽቦው ተበጠሰ፣ ፏፏቴው ከነዘንጉ ወረደብኝ። ከጫማዬ በስተቀር የሚታይ ነገር አልተረፈልኝም። ከውስጥ ሆኜ «ደህና ነኝ፣ አትደንግጡ» እላለሁ፤ ስንደፋደፍ ጭራሽ እየተጠቀለልኩ።

እንደ ምንም ስወጣ ድንቢጥ እያለቀሰች ነው። ያችን ለቅሶዋን ታውቂያታለሽ። ከንፈሯ ግራና ቀኝ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቅንድቧ ይቋጠራል፣ ዓይኗ ይጨፈናል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ የለም። መሐረቤን ይዤ ሮጥኩ።

«አይዞሽ የኔ ድንቢጥ፣ አባባ ምንም አልሆነም። አታልቅሺ።»

«አላለቀስኩም።»

«አዎ፣ ጎበዝ፣ አላለቀስሽም» አልኳትና ዓይኗን ጠረግሁላት።

ልብ በይልኝ ልጄ። ይህቺ ሕፃን አፏን ከፈታች ጀምሮ «አላለቀስኩም» ትለናለች። እኛም «አዎ፣ ጎበዝ» እያልን ደረቅ ዓይን ስንጠርግ ኖርን።

ሐኪሟ ከበርጩማው ወርዳ ድንቢጥ ፊት ተንበረከከች። አልሳቀችም፣ አልደነገጠችም። ፊቷን አየች። ከዚያ ደግሞ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት።

«ፏፏቴው አባባን ዋጠው።»

«እንደገና ቢውጠውስ?»

«ይዋጠው!» አለችና እንደገና ፊቷ ተጨማደደ።

ሐኪሟ ቀና ብላ እንዲህ አለችኝ፤ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህች ልጅ ሽንቷን መቋጠር ያስቸግራታል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሸቷት ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ዕለት ጠዋት እናትሽ ሁለት ጊዜ አጥባታለች እኮ! ደሜ ፈላ። «ልጄ፣ እዚህ የሚሠራው ፎቶ ነው፤ ምርመራ አይደለም» አልኳት።

«ሽታ አይደለም አባባ። ፊቷን አይቼ ነው።»

«ፊትና ሽንት ምን አገናኛቸው?»

«ይህች ልጅ አላለቀሰችም» አለችኝ። «እየሳቀች ነው።»

ምን እንደተሰማኝ እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ? አርባ ዓመት የሰው ፊት ስመለከት የኖርኩ ሰው ነኝ። ሙሽራ ከልቧ ትሳቅ ለይሉኝታ ትሳቅ፣ ከበሩ ስትገባ ነው የማውቀው። የገዛ ልጄን ልጅ ሳቅ ግን አላወቅሁትም። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፣ ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃል ለማለት። የእኛዪቱ ይባስ ብሎ ፊቷ ሁሉ ባዳ ሆኖባት ኖሯል።

ከዚያ ሐኪሟ ለእኔ ለመሃይሙ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳችኝ። በሺህ የሚቆጠሩ ሐኪሞች ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድም ሳያዩ የሚያልፉት ሕመም ነው። እሷ በተማሪነቷ አንዲት ልጅ ብቻ አይታለች፤ ያቺን ፊት ግን አልረሳችም። እነዚህ ልጆች ሲስቁ የሚያለቅሱ ይመስላሉ። ነገሩ ፊት ላይ ቢቀር ግድ አልነበረም፤ የሽንት ፊኛቸውም ትእዛዝ ይገለበጥበታል። ልቀቅ ሲሉት ይይዛል፣ ያዝ ሲሉት ያንጠባጥባል። ሙሉ በሙሉ ስለማይወጣ የተረፈው ይጠራቀማል፣ ይቆሽሻል፣ ሞልቶ ሲጨንቀው ወደ ላይ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። ኩላሊት ደግሞ ጮሆ አይናገርም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ሲታወቅ ብዙው ሄዷል።

«ትኩሳት ይመላለስባታል?» አለችኝ። አዎ። «ሆድ ድርቀት?» አዎ። «ሽንት ቤት ተቀምጣ ታምጣለች?» አዎ፣ አዎ። በመጨረሻው አዎ በርጩማው ላይ እኔ ተቀመጥኩ።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይዘዋት ይምጡ። ነገ ነው ያልኩዎት፤ ከነገ ወዲያ አይደለም» ብላኝ ወጣች። ፎቶዋን ሳትነሳ!

እናትሽ መጀመሪያ አልተቀበለችኝም። «ሳቅሽ ለቅሶ ነው ተብሎ ሆስፒታል የሚኬደው በየት አገር ነው? ያሳደግኳት እኔ፣ ፊቷን የማውቀው እኔ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ግን ወንፊቱን ከመደርደሪያው አንስታ ጭንቅላቷ ላይ ደፋችው። እናትሽ፣ ወንፊት! ድንቢጥ ፊቷን አጨማደደች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «ሐኪሟ እንዳሳየችኝ፣ አሁን እግሯን እዪ» አልኳት። አሥሩም የእግር ጣቶቿ ወደ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። እናትሽ ቀስ ብላ ወንፊቱን አወለቀች። «ስንት ጊዜ ነው አይዞሽ ያልኳት?» አለች። «ሲያስቃት ስንት ጊዜ ነው ዝም በይ ያልኳት?»

ለካ ምልክቱ እግሯ ላይ ነበር። የምር ስታለቅስ እግሯ ልፍስፍስ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ስትስቅ ጣቶቿ ይቆማሉ። ሐኪሟ በአንድ አፍታ ያየችውን እኔ ስድስት ዓመት አላየሁም። ለምን መሰለሽ? ጉርድ ፎቶ አንሺ ነኛ! ሰውን ከደረቱ በላይ ሳይ ነው የኖርኩት።

በማግስቱ ሆስፒታል አብረን ሄድን። ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው በአልትራሳውንድ አዩዋት፤ ሽንት ቤት ሄዳ ከመጣች በኋላም ፊኛዋ ግማሽ ድረስ ሙሉ ነው። ደም ወሰዱ። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ፊኛዋን ቀለም በሚሰጥ ፈሳሽ ሞልተው ራጅ አነሷት። ራጁን ስቀበል እጄ ራሱ ወደ መስኮቱ ወሰደው፤ የጨለማ ክፍል ሰው አይደለሁ፣ ኔጋቲቭ ማንበብ ማን ያስተምረኛል? ክብ መሆን የነበረበት ፊኛ ጎንና ጎኑ ተጨማዶ፣ ጫፉ ሾሎ፣ ከሱ የሚነሳ ነጭ መስመር ወደ ግራ ኩላሊቷ እየተጠማዘዘ ሲወጣ አየሁት። መውጣት የሌለበት መስመር። ሐኪሟ ሳትነግረኝ ገባኝ።

እውነቱን አልደብቅሽም። ግራ ኩላሊቷ ላይ ጠባሳ አለ፤ እሱ አይጠፋም። ቀኙ ጤነኛ ነው፣ የደም ምርመራዋም ጥሩ ነው። «አንድ ሁለት ዓመት ቢዘገይ ኖሮ...» አለችና ሐኪሟ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። እኔም ጨርሺው አላልኳትም። ግን ደረስንበት ልጄ! ያ ሽቦ ባይበጠስ፣ አንቺም አጥብቀሽ አስረሽው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬም ውሃ እየከለከልናት ነበር። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄው ነው።

አሁን ደግሞ «እርጉዝ ሆኜ ሥራ ስላበዛሁ ነው» እያልሽ ራስሽን መብላት እንዳትጀምሪ። አውቅሻለሁ። ከእናትም ከአባትም ዘር ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ ነገር ነው፤ አንቺም አታውቂ፣ ባልሽም ነፍሱን ይማረውና አያውቅ። የማንም ጥፋት አይደለም ብላለች ሐኪሟ። እንድነግርሽ አደራ ብላኛለች።

ሕክምናውስ አትዪም? ቢላዋ የለበትም፤ ቢያንስ ለአሁኑ። ፊኛዋን የሚያለዝብ መድኃኒት አለ፣ ማታ ማታ ደግሞ ትኩሳቱ እንዳይመለስ የምትዋጥ ትንሽ ክኒን፣ ሆዷን የሚያላላ ሽሮፕ። ዋናው ግን ካቴተር የሚሉት ቀጭን ቱቦ ነው። በየአራት ሰዓቱ እጅ በደንብ ታጥቦ፣ ቱቦው ገብቶ፣ ፊኛው እስከ ጠብታው ይራገፋል፣ ቱቦው ይወጣል። አለቀ። ካደገች ራሷ ትሠራዋለች። እስከዚያው ግን ማን? እኔማ ቱቦውን ሳየው ላብ አጠመቀኝ። እናትሽ ግን እጅጌዋን ሰብስባ «ወዲህ በሉት» አለች!

ነርሷ መጀመሪያ በአሻንጉሊት አስተማረቻት። እናትሽ ነርሷን መልሳ ስትቆጣት ብታዪ! «አንቺ ራስሽ ጥፍርሽን በደንብ አልታጠብሽም» ትላታለች። በሦስተኛው ቀን ነርሷ ሌላ እናት ለማስተማር እሷን ጠራቻት። አሁን የኩሽናው ሰዓት በየአራት ሰዓቱ ይጮኻል፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ምሳውን የሚበላው በዚያ ነው። ባለፈው አንድ ቀን አምስት ደቂቃ ቢዘገይ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ «ምነው፣ ልጅቷ ደህና ናት?» አለን። እናትሽ ቱቦውን ስታዘጋጅ ሁለት መነጽር ደርባ ነው፤ አንዱ የእኔ ነው። ምንም አይደለም፣ እየለመድነው ነው።

ድንቢጥ ራሷ ከሁላችን ጎበዝ ናት። የመጀመሪያው ቀን እውነተኛ ለቅሶ አለቀሰች፣ እግሯ ተንጠልጥሎ። ከዚያ በኋላ «እማማ፣ አስወጪልኝና ልጫወት» ማለት ጀመረች። አንድ ቀን ሐኪሟን «ሳቄንም ታድኚዋለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሐኪሟ እስቴቶስኮፑን ከጆሮዋ አወጣችና «ሳቅሽ እኮ አልታመመም። እነሱ ናቸው ያላወቁት» አለች፣ ወደ እኔና ወደ እናትሽ እያሳየች። ተሰደብን፤ ይገባናል።

አሁን ፎቶ ቁጥር አንድን አውጪ። ምን ታያለሽ? አንሶላ። አዎ፣ አንሶላ ነው! ሕክምናው በተጀመረ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። እናትሽ ከመኝታ ቤት ስትጮህ አንድ ነገር ሆነች ብዬ ምላጩን ከነአረፋው ይዤ ሮጥኩ። አንሶላውን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷ ላይ ለጥፋዋለች። «ደረቅ ነው! ንካው! ደረቅ ነው!» አለችኝ። ነካሁት። ጉንጬ ላይ አደረግሁት። ግማሽ ፊቴን ላጭቼ ግማሹን እንደተውኩ ካሜራዬን ይዤ መጣሁ። በአርባ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያማረ ሥዕል አንስቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን ብቻ ነው የረጠበው፤ ትኩሳቱም አልተመለሰም። ካለፈው ሳምንት ሰኞ ወዲህ መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች! ለመምህሯ ወረቀት ጻፍኩላት፤ «ፊቷ ሲጨማደድ እግሯን ይመልከቱ» ብዬ።

ሰባት ሳምንት ሙሉ ለምን ሳትነግሩኝ ቀራችሁ ትያለሽ። መጀመሪያ ክፉ ወሬ ብቻ ይዤ ልመጣብሽ አልፈለግሁም፤ ደረቅ አንሶላ ልጨምርበት ብዬ ጠበቅሁ። ይሄ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላኛው ግማሽ ሐፍረት ነው። አሁን ወደዚያ መጣሁ። እጄ መቸኮሉን ተወ።

ስቱዲዮ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ሥር፣ «የተበላሹ» ብዬ የጻፍኩበት ካርቶን አለ። ድንቢጥን ሳነሳት ፊቷ በተጨማደደ ቁጥር «ይህቺማ ተበላሸች» እያልኩ እዚያ እጥላለሁ። ላንቺ የምልክልሽ አፏን ገጥማ እንደ ዳኛ የተቀመጠችባቸውን ነው። ሐኪሟ ከመጣች በኋላ ካርቶኑን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። ስልሳ ሁለት ፎቶ። አንድ በአንድ ከመነሻው ሳየው፣ በእያንዳንዱ ምን እንደተደረገ ትዝ አለኝ። ይህን ሳነሳ ድመቷ ካሜራዬ ላይ ወጥታ ነበር። ይህን ሳነሳ አስነጥሶኝ ሰው ሠራሹ ጥርሴ ወልቆ ነበር። ስልሳ ሁለቱም ሳቅ ነው ልጄ! የተበላሸ የለም።

ፎቶ ቁጥር ሁለትን እዪ። ባለፈው ዓመት ለፈቃድ የመጣሽ ዕለት፣ በራችን ላይ። ቀይ ሻንጣሽን ይዘሽ ቆመሻል፤ ድንቢጥ በባዶ እግሯ ከእናትሽ ቀሚስ ሥር ሆና ፊቷ ተጨማዷል። ያን ዕለት ፊትሽ እንዴት እንደወደቀ ከፎቶው በላይ እኔ አውቀዋለሁ። የሦስት ሳምንት ፈቃድሽን በሁለት ሳምንት ጨርሰሽ፣ «ልጄ ፈራችኝ» ብለሽ ሄድሽ። ይህቺን አንዲት ፎቶ ሙሉ ቁመት አድርጌ ነው ያነሳኋት፤ ሻንጣሽ እንዲገባ ብዬ። አሁን እግሯን እዪ። አጉሊ መነጽር ካለሽ በእሱ እዪ።

ቆመዋል። አሥሩም።

ሌላም አለ። ከሄድሽ በኋላ በምስል ደወልሽላት። በሥራ ልብስሽ ነበርሽ፣ ከመርከቡ የልብስ እጥበት ክፍል በቀጥታ። ድንቢጥ ስልኩን ስታየው ፊቷ ተጨማደደ፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ መናገር አቃታት። ስልኩን ነጥቄ «ልጄ፣ ለጊዜው በምስል ባትደውዪ ይሻላል። ስታይሽ ትረበሻለች፤ በድምፅ ብቻ ይሁን» ያልኩሽ እኔ ነኝ። እናትሽ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ዓመት ሊሆነው ነው። ያን ዓመት ሙሉ ልጅሽን አላየሻትም፣ ልጅሽም አላየችሽም። ትናንት ደብዳቤሽ ላይ ያለውን ሐሳብ በጭንቅላትሽ የዘራሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ ልጄ። ሌላ ቃል የለኝም።

ትናንት ማታ ከራት በኋላ ድንቢጥን አስቀምጬ ጠየቅኋት። «ያኔ እማዬ በስልክ ስታይሽ ምን ሆነሽ ነበር?» ብዬ። ሳታስብ መለሰችልኝ። «እማዬ ኮፍያዋ ላይ ካልሲ ነበር» አለች።

«የምን ካልሲ?»

«ሰማያዊ። እዚህ ጋ ተንጠልጥሎ» ብላ ጆሮዋን ነካችልኝ። «ስትናገር ይወዛወዛል።» ይህን ስትል ፊቷ ተጨማደደ፣ ጣቶቿ ቆሙ።

ከማድረቂያው ስታወጪ ተጣብቆብሽ ይሆናል። ማንም አልነገረሽም። እሷ ግን ዓመት ሙሉ ይዛው ኖራለች። ከዚያ ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰለሽ? «እማዬ ለምንድን ነው ካልሲውን ድጋሚ የማታደርገው?» አለችኝ። እናትሽ ተነስታ ውሃ ነካች።

ፎቶ ቁጥር ሦስት፣ ሐኪሟ ናት፤ በመጨረሻ ተመልሳ መጥታ ተነሳች። አንድ ለመታወቂያዋ፣ አንድ ላንቺ። አመስግኚያት። ፎቶ ቁጥር አራት ድንቢጥ ናት፣ እሑድ ዕለት ያነሳኋት፣ ሙሉ ቁመት። አፏ ወደ ታች ወርዷል፣ ቅንድቧ ተቋጥሯል፣ ዓይኗ ተጨፍኗል። መኝታሽ አጠገብ ለጥፊያትና ሰው «ይህቺ ልጅ ምን ሆና ታለቅሳለች?» ሲልሽ ማስረዳቱ ያንቺ ሥራ ነው።

ስለ ውሉ ትንፍሽ አልልም ብያለሁ፤ አልልም። እናትሽ ግን ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ተነስታ ያንቺን ብርድ ልብስ አጥባለች። ምነው ብላት «አቧራ ይዞት ነው» አለች። ለዓመት ያልታየ አቧራ ዛሬ ታያት።

አንድ ነገር ብቻ። ወደቡ ላይ እንደወረድሽ በምስል ደውዪ። በየትኛውም ሰዓት። ስልኩን እኔ ነኝ የምይዘው፤ እንደ ጉርድ ፎቶ ግን አላቀርበውም። እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ እሸሻለሁ፤ ካስፈለገም ፏፏቴው ይውደቅብኝ። ከጸጉሯ እስከ እግሯ ትታይሻለች። ፊቷ ሲጨማደድ አትደንግጪ። ወደ ታች እዪ።

እሱ የላይኛው ባሕሩን እንደተተኮሰ አንሶላ ለጥ ያድርግልሽ። በከንቱ ያፈሰስሽውን እንባ በእጥፍ ሳቅ ይካስልሽ። እጅሽ ከሳሙናው አይሰንጠቅ፤ ልብሽ በእኛ አይሰንጠቅ።

ከደረት በላይ ብቻ ሲያይ የኖረው፣
አባትሽ

ይህቺ ከታች ያለችው ድንቢጥ ነግራኝ የጻፍኳት ናት፤ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፦

«እማዬ፣ እኔ አላለቀስኩም። ካልሲውን አድርጊው።»